ግማሹ ተመልካች የሚሰማት እናት

እኔ እንዲህ ባለ ነገር የማምን ሰው አይደለሁም፣ ይቺን አስቀድማችሁ ያዙልኝና የቀረውን እንደፈለጋችሁ አድርጉት። ልጅ ሆኜ ሰፈራችን ውስጥ ሰይጣን አለበት እየተባለ የሚፈራ ጉድጓድ ነበር፣ ኳሳችን በገባች ቁጥር ወርጄ የማወጣት እኔ ነበርኩ፣ ሰይጣኑን አንድ ቀን እንኳ አላገኘሁትም። አሁን ደግሞ እዚህ ፈረንጅ አገር፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ የስኩል ባስ ሾፌር ነኝ፣ በየጠዋቱ አንድ ባስ ሙሉ ሕፃን ከኋላው እየጮኸ የሚነዳ ሰው መንፈስ የሚፈራበት ጊዜ የለውም፣ እመኑኝ። ነገሩም ቢሆን የተፈጠረው በጨለማ አይደለም፣ በጠራራ ፀሐይ ነው፣ ያውም በባለቤቴ ካፖርቶች መሐል።

የባስ ሥራ ለሁለት የተከፈለ ነው፣ ጠዋት ልጆቹን ትምህርት ቤት አድርሼ ከሰዓት በኋላ እስክመልሳቸው ድረስ መሐሉን ባዶ ነኝ፣ ሌላው ሾፌር ይተኛበታል፣ እኔ ፊልም እተርክበታለሁ። የትርጉም ፊልም ታውቁ የለ፣ የፈረንጁ ድምፅ ዝቅ ይልና አንድ ሰው ከላይ ሆኖ በአማርኛ «ተው አንተ ልጅ፣ በሩን አትክፈት!» እያለ የሚያወራበት፣ ያ ሰውዬ እኔ ነኝ። እውነተኛ ስሜ ዘሪሁን ቢሆንም በቻናሌ ላይ አንድም ቀን ተናግሬው አላውቅም፣ ተመልካቹ የሚያውቀኝ «አያ ድምፁ» በሚለው ስም ነው። ይህን ሁሉ ጣጣ ያመጣብኝን ፊልም ስም እዚህ አልጠራውም፣ ባለቤቶቹ ኮፒራይት ምናምን ብለው እንዳይመጡብኝ። ስቱዲዮዬ የባለቤቴ የትዕግሥት ክሎዜት፣ የልብስ መስቀያ ጓዳዋ ነው፣ ካፖርቶቿ መሐል በርጩማ ላይ ተቀምጬ በሩን ስዘጋው የውጭ ድምፅ የሚባል አይገባም፣ ይህን ልብ በሉልኝ።

የዚህን አስፈሪ ፊልም ክፍል አንድ የተረክነው እኔና ሮማን ሆነን ነው። ሮማን እዚሁ አቅራቢያችን አሌክሳንድሪያ ነው የምትኖረው፣ አሮጊት የምትንከባከብ፣ አፏ የማያርፍ፣ ሲበዛ ሳቂታ ሴት ናት። እኔና እሷ በዲቪ በአንድ ዓመት ነው የመጣነው፣ ላንግሊ ፓርክ አንድ ሕንፃ ላይ እኔ ከታች እሷ ከላይ ኖረናል፣ አባቴ ሲያርፍ ሽማግሌ ይዛ በማለዳ በሬ ላይ ቆማ መርዶውን የነገረችኝና ሦስት ቀን ከአጠገቤ ያልተነሣችው እሷ ናት። እኅቴ ናት ብል አልዋሸሁም። በፊልሙ ውስጥ አንዲት እናት አለች፣ መጨረሻው ላይ ምድር ቤት ወርዳ በሩ ይዘጋባትና ትጠፋለች፣ የእሷን ቃል ሮማን ነበረች የተናገረችው፣ ሰዉ ወደዳት፣ ከእኔ በላይ ወደዳት፣ ቅናት አይደለም የምነግራችሁ፣ ትንሽ ብቻ ነው።

ታዲያ በዚያ ሰሞን የአንድ ወዳጃችን ልጅ ክርስትና ላይ አዳራሹ ግጥም ብሎ ሞልቶ፣ አንዱ ለሮማን ማይክ ሰጣትና «ስለ ፊልሙ እስኪ ንገሪን» አላት። እሷም ያን ሁሉ ሕዝብ እያየች «ዘሪሁን እኮ ፊልም አይተርክም፣ የዕድር ቃለ ጉባኤ ነው የሚያነበው፣ እኔ ባልኖር ሰዉ ተኝቶ ነበር!» አለችላችሁ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ ባስ ማቆሚያው ግቢ ውስጥ ያሉት ሐበሾች ሳይቀሩ «ቃለ ጉባኤ መጣ» ይሉኝ ጀመር። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል፣ አውቃለሁ፣ ግን አቃጠለኝ። ይቅርታ ትጠይቀኛለች ብዬ ጠበቅኩ፣ ወይ ፍንክች፣ እኔም አልደወልኩ እሷም አልደወለች፣ እንዲሁ እንደተኳረፍን ክረምቱ አለፈ።

ክፍል ሁለት ሲወጣ እንግዲህ በእልህ ብቻዬን ልተርከው ተነሣሁ። እናቲቱ በዚህኛው ፊልም አትታይም፣ ከተዘጋው የምድር ቤት በር ኋላ ሆና ልጇን ማርኮን ታናግረዋለች፣ እኔ ደግሞ የሴት ድምፅ ላስመስል ብዬ መሳቂያ ከምሆን አንድም ቃሏን አልናገርም ብዬ ወሰንኩ። «እናቱ እየጠራችው ነው» ብቻ እልና አልፋለሁ፣ ስትናገርም ድምፁን ጭራሽ አጠፋዋለሁ። አንድ ማክሰኞ ከጠዋቱ ዙር በኋላ ክሎዜት ገብቼ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በዚያው ጠዋት ቀዳሁት።

ስቀዳ ሁለት ነገር አስተውያለሁ፣ ያኔ ግን ከቁም ነገር አልቆጠርኩትም። አንደኛ፣ በጆሮ ማዳመጫው ውስጥ ጢቅ ጢቅ ጢቅ የሚል ድምፅ ነበር፣ የቧንቧ ጠብታ መስሎኝ ወጥቼ አየሁ፣ ቧንቧው ደረቅ ነው፣ የግድግዳውን ሰዓት ባትሪ አወጣሁ፣ ተመልሼ ማዳመጫውን ሳጠልቅ አሁንም ጢቅ ጢቅ። ሁለተኛ፣ አርባ አንደኛው ደቂቃ ላይ ማርኮ ጆሮውን በሩ ላይ ለጥፎ ዝም የሚልበት ቦታ አለ፣ ከነፋስ በቀር ምንም የማይሰማበት፣ እዚያ ላይ ስደርስ የካፖርቶቹ ማንጠልጠያዎች በቀስታ ተነካኩ። በሩ ዝግ ነው፣ እኔም አልተንቀሳቀስኩም። ምናልባት የላይኛው ፎቅ ሰውዬ ሲራመድ ነው ብዬ ቀጠልኩ።

ፊልሙን በለቀቅኩ ማግሥት ኮሜንቱን ከፈትኩና ሳቄ መጣ፣ ሕዝቡ ለሁለት ተከፍሎ እየተናጨ ነው። አንዱ «ክፍል አንድ ይሻላል፣ እናትየዋን ዲዳ አድርገህ ፊልሙን ገደልከው» ይላል። ከሥሩ አንዷ «የምን ዲዳ? ክፍል ሁለት ከመጀመሪያው ሺህ ጊዜ ይበልጣል፣ ያቺ ሴትዮ ስትስቅ ብርድ ልብስ ውስጥ ገባሁ፣ ጆሮህን ታጠብ» ትለዋለች። ሌላው «አያ ድምፁ ብቻውን ነው የተረከው፣ ሴት የለችም» ሲል፣ ሌላዋ «ማሚም እኔም ሰምተናታል፣ ይቅርታ ስትለው ማሚ አለቀሰች» ትላለች። ሰዉ ሊቀልድብኝ ተነጋግሮ ነው ብዬ ሳቅኩ፣ እውነቴን ነው፣ የሮማን ተንኮል መስሎኝ ነበር።

ሳቄን ያቆመው አንድ እርማት ወዳድ ተመልካች ነው፣ እንዲህ ዓይነት ሰው በየኮሜንቱ አይጠፋም። «ትንሽ የትርጉም ስሕተት አለ፣ የልጁ ስም ማርኮ ነው፣ ሴትዮዋ ግን አርባ አንደኛው ደቂቃ ላይ ዘሪሁን ብላ ጠራችው። አስተካክሉ።»

ዘሪሁን የሚለው ስም በዚያ ቻናል ላይ አንድም ቀን ተነግሮ አያውቅም፣ የእኔ ስም መሆኑንም ይህ ሰው አያውቅም። ፋይሉን ከፍቼ አርባ አንደኛውን ደቂቃ ደጋግሜ ሰማሁት፣ ነፋስ ነው፣ ድምፅ የሚያሳየውንም መስመር በዓይኔ አየሁት፣ ከነፋሱ በቀር ዝርግ ነው። ትዕግሥት ከሥራ ስትመጣ ምንም ሳልነግራት ማዳመጫውን ጆሮዋ ላይ አደረግኩና ከመጀመሪያው ከፈትኩላት። ትንሽ ሰማችና ማዳመጫውን አወለቀች።

«ሮማን እዚህ ቤት መጥታ ነበር እንዴ?» አለችኝ።

«ኧረ አልመጣችም!»

«እኔ ሥራ ስሄድ ክሎዜቴ ውስጥ ምን ትሠራለች? ተኳርፈናል አላልከኝም ነበር?»

በሉ እንግዲህ፣ መንፈስ የማይፈራው ሰውዬ ሚስቱን ፈርቶ ሁለት ሰዓት ሙሉ ሲምል ሲገዘት አመሸ። ትዕግሥት ለማጣራት ብላ አርባ አንደኛውንም ደቂቃ ሰማች፣ ከዚያ በኋላ ዓይኗ እንባ አቀረረ፣ መጠርጠሩንም ተወችው። ምን እንደሰማች ብለምናት ብሠራት «ሄደህ ታረቅ» ከማለት በቀር አልነገረችኝም።

በነጋታው ሮማን ራሷ ደወለች፣ ከዚያ ሁሉ ዝምታ በኋላ ሰላምታ የለ፣ ምን የለ።

«አንተ! ድምፄን በኮምፒውተር፣ በኤአይ አስመስለህ ሠርተህ ያለ ፐርሚሽኔ ትለጥፋለህ?»

«ሮማን ስሚኝ፣ እኔ...»

«አልሰማህም! ገና ከመጀመሪያው ሲን ላይ የራሴን ሳቅ ሰምቼ ነው ያጠፋሁት፣ መጨረሻውንም ማየት አልፈልግም። ሽማግሌ አስቀምጥብሃለሁ፣ ቅዳሜ ቤቴ ትመጣለህ!»

ወዳጆቼ፣ ስለ ድንበር፣ ስለ ትዳርና ስለ ስድብ ሽማግሌ ሲቀመጥ አይቻለሁ፣ ለአስፈሪ ፊልም ክፍል ሁለት ሽማግሌ የተቀመጠበት ሰው ግን ከእኔ በቀር ያለ አይመስለኝም። ቅዳሜ ከምሳ በኋላ አሌክሳንድሪያ ሮማን ሳሎን ደረስኩ። ሽማግሌዎቹ ሦስት ሊሆኑ ነበር፣ ሦስተኛው ጌይተርስበርግ ሥራ ተይዘው ቀሩና ሁለቱ ብቻ ሶፋው ላይ ተሰይመዋል፣ ጋሽ ታደሰ፣ ታክሲ ነድተው ጡረታ የወጡ፣ ቁጡ ግን ደግ ሰው፣ ከጎናቸው ደግሞ እትዬ ዘነበች፣ የሁላችንም እናት የሚባሉ፣ ነጠላቸውን አጣፍተው። ሮማን አንድም ጊዜ ፊቴን ሳታይ ፊልሙን በትልቁ ቲቪ ከፈተችው።

«እንግዲህ ነገሩን ሳናይ አንፈርድም፣ ዝም ብለን እንይ» አሉ ጋሽ ታደሰ፣ ዝም ብለው ማየት ያልቻሉትም እሳቸው ነበሩ። «ይኼ ልጅ አባት የለውም? ምድር ቤት ብቻውን ምን ይሠራል? መብራቱን አብራው እንጂ አንተ! ቢል አልከፈሉም እንዴ እነዚህ ሰዎች?» እትዬ ዘነበች በየደቂቃው ያማትባሉ፣ ግን ዓይናቸውን ከቲቪው አልነቀሉም፣ ከፊታቸው ያለውን ቆሎ አንድም ፍሬ አልነኩትም።

ሩብ ሰዓት ያህል እንዳየን ሮማን አቆመችው። «ይኸው፣ የኔ ድምፅ አይደለም?»

ጋሽ ታደሰ ግራ ገብቷቸው አዩዋት። «የቱ ድምፅ ልጄ? እኔ የምሰማው ይኼን ለፍላፊ ዘሪሁንን ብቻ ነው።»

«ምን ነካዎት ታደሰ?» አሉ እትዬ ዘነበች። «ከበሩ ኋላ ቁጭ ብላ ስታወራ፣ ስትስቅ፣ ሮማን እኮ ናት! እኔ ሮማንን አጣታለሁ?»

«ዘነበች፣ ጆሮዎ ደኅና ነው?»

«የእርስዎን ያስመርምሩት!»

ልክ እንደ ኮሜንቱ፣ ሁለቱ ሽማግሌዎች ፊት ለፊቴ ለሁለት ተከፈሉ። እኔ ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ፣ ሮማንም ሳትወድ ከንፈሯ ሲርገበገብ አየሁት፣ አንድ ደቂቃ ብቻ እንደ ድሮአችን ሆንን። ጋሽ ታደሰ «አንድ ለአንድ ነን፣ ሦስተኛው ሽማግሌ የለም፣ እስከ መጨረሻው ይታይ» ብለው ፈረዱና ፊልሙ ቀጠለ።

አርባ አንደኛው ደቂቃ ደረሰ። ማርኮ ጆሮውን በሩ ላይ ለጠፈ። እኔ ነፋሱን ብቻ ነው የሰማሁት፣ ጋሽ ታደሰ ያዛጋሉ፣ እትዬ ዘነበች ግን ማማተባቸውን ትተው በሐዘኔታ ቀስ ብለው ወደ ሮማን ዞሩ። ሮማን ፊቷ አመድ መስሏል። ሪሞቱን አንሥታ ቲቪውን አጠፋችው።

«ክሴን ትቻለሁ» አለች።

«እንዴት? ምን ተገኘና?» አሉ ጋሽ ታደሰ።

«ኤአይ አይደለም። እሱ አልሠራውም፣ ይቅር በሉኝ።»

እትዬ ዘነበች የጋሽ ታደሰን ክርን ያዝ አድርገው «ይተዉት፣ የሁለቱ ጉዳይ ነው» አሉ። ሮማን ወጥታ ወደ ፓርኪንጉ በሚወስደው ደረጃ ላይ ተቀመጠች፣ ተከትያት ወጣሁ። ፀሐዩ ሞቅ ያለ ነው፣ አንድ ሰውዬ መኪናውን ያጥባል፣ የሚያስፈራ አንዳች ነገር በአካባቢው አልነበረም።

«መቼ ነው የቀዳኸው?» አለችኝ።

«ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ ዙር በኋላ።»

«በዚያው ማክሰኞ፣ በዚያው ሰዓት፣ ክላየንቴን፣ አሮጊቷን፣ ዶክተር ጋ አድርሼ መኪና ውስጥ እየጠበቅኳት ነበር። ፓርኪንግ አጥቼ ሃዛርድ፣ ያን ብልጭ ድርግም የሚለውን መብራት አብርቼ ነው የቆምኩት። የክፍል ሁለትን ኦሪጅናል በስልኬ ከፈትኩና የእናቲቱን ቃል ለራሴ በአማርኛ መተረክ ጀመርኩ። ማንም የለም፣ መስኮቱ ዝግ ነው። ናፍቆኝ ነበር፣ በቃ።»

ሃዛርድ ስትል፣ መብራቱ ሲበራና ሲጠፋ የሚያሰማው ያ ጢቅ ጢቅ ጢቅ ትዝ አለኝና ነገርኳት። እሷ ክንዷን ታሻለች፣ እኔ የሰውዬውን መኪና አያለሁ።

«አርባ አንደኛው ደቂቃ ላይስ?» አልኳት።

«እዚያ ላይ ፊልሙ ዝም ይላል። ዝም ሲል አንተን አናገርኩህ።»

«ምን አልሽኝ?»

«ብዬሃለሁ እኮ። ፊት ለፊትህ ማለት አቅቶኝ ነው ለመኪና መስታወት የተናገርኩት። ዳግመኛ አልለውም ዘሪሁን፣ አልችልም። አዳምጠው።»

«አይሰማኝም እያልኩሽ!»

«እንግዲህ ጆሮህን ጠይቀው» አለችና ዓይኗን ጠርጋ ተነሣች።

ቀለበት መንገዱን፣ ቤልትዌዩን ይዤ ወደ ቤቴ ስመለስ ሆዴ ባባ፣ ከዚያ ተናደድኩ፣ ከዚያ ደግሞ ብቻዬን ሳቅኩ። እስኪ ፍረዱኝ፣ የማላውቀው ሁሉ፣ የሰው ማሚ ሳትቀር፣ ለእኔ የተባለውን ይቅርታ ሰምቶ ሲያለቅስ፣ ባለቤቱ እኔ ብቻ ነፋስ ልስማ? ያልሰማሁትን ይቅርታ እንዴት አድርጌ ነው ይቅር የምለው? እሷ ብላለች፣ አትደግምም፣ እኔ አልሰማሁም፣ በዚህ ከቀጠልን እንዲሁ እንደተኳረፍን ልናረጅ ነው፣ ይህ ደግሞ ከመንፈሱ ይልቅ አስፈራኝ። ያለችኝን አንድ እኅት ላጣ ነው ማለት ነው።

ሰኞ ዕለት ከጠዋቱ ዙር በኋላ ክሎዜት ገባሁ። ማይኩ አልተሰካም፣ ትዕግሥት ስታጸዳ ገመዱን ነቅላ ሳጥን ውስጥ ከታዋለች፣ የመቅጃው ፕሮግራምም አልተከፈተም፣ በእግዚአብሔር ስም ነው የምላችሁ። ስልኬ ላይ አርባ አንደኛውን ደቂቃ ከፈትኩ። ነፋስ። መልሼ ከፈትኩት። ነፋስ። ስንተኛው ላይ እንደሆነ አላውቅም፣ ለካፖርቶቹ፣ «እሺ ሮማን፣ ይቅር ለእግዚአብሔር። እኔም አጥፍቻለሁ፣ እናትን የሚያህል ነገር ዲዳ ማድረግ አልነበረብኝም» አልኩ፣ ጮክ ብዬም አይደለም። ማንጠልጠያዎቹ በቀስታ ተነካኩ። በሩን ከፍቼ ወጣሁና ፊቴን ታጠብኩ።

ከሰዓት በኋላ ባሱን ላስነሣ ቁልፉን እንደያዝኩ ስልኬ ጮኸ። ያ እርማት ወዳዱ ተመልካች አዲስ ኮሜንት ጽፏል። «የትርጉም ስሕተት ያልኩትን አንሥቻለሁ፣ አሁን ገባኝ። ሴትዮዋ ይቅርታ ስትለው ሰውዬው "እናትን የሚያህል ነገር ዲዳ ማድረግ አልነበረብኝም" ብሎ ሲመልስላት አንጀቴን በላኝ። ግን ባለፈው ሳየው ይህ መልስ አልነበረም፣ ቀየራችሁት እንዴ?» ከሥሩ ደግሞ ሌላው ተቀብሎት፣ «የምን ሴትዮ? የምን ሰውዬ? እዚያ ቦታ ላይ ነፋስ ብቻ ነው ያለው፣ ክፍል አንድ ይሻላል።»

ፊልሙን አልነካሁትም። ልንካው ብልም አንዴ ከተለጠፈ በኋላ እንዲህ ያለ ነገር አይጨመርበትም። እዚያው ባሱ ውስጥ እንደተቀመጥኩ ሮማን ደወለች፣ ሃሎም አላለችኝ።

«ሰማሁህ» አለችኝ፣ እየሳቀች ይሁን እያለቀሰች አልለየሁም። «አሁን ገና ቃለ ጉባኤ አልመሰልክም!»

ታርቀናል፣ በየቀኑ እንደዋወላለን፣ አፏም እንደ ድሮው አያርፍም፣ ጋሽ ታደሰና እትዬ ዘነበች ግን ማን ጆሮውን ይመርመር በሚለው እስከ ዛሬ አልተስማሙም። እኔም ባስ ውስጥ ልጆቹን ስጠብቅ አንዳንዴ ያችን ደቂቃ እከፍታታለሁ። ተናግሬዋለሁ፣ የተናገርኩትን ቃል በቃል አስታውሳለሁ፣ የማላውቀው ሰው ሁሉ እየሰማው ነው፣ ለእኔ ግን ማርኮ ጆሮውን በሩ ላይ ለጥፎ ሲቆም ከነፋሱ በቀር የራሴ ድምፅ እንኳ የለም።